ያደማው ነው ገዳዩ

— አቤት… አዎ፣ ሸዋ ሮቢት ነው። … የዘርትሁን ሆቴል፣ ራሴ ነኝ፤ እዚህ ሰፈር ሌላ የማን ሆቴል ስልክ አለው ብለሽ ነው? … ከአዲስ አበባ? ማን ነው የሚፈልገኝ? … አገናኚኛ ታዲያ፣ ምን ታስጠብቂኛለሽ።

— ሄሎ… ሄሎ… የሚሰማኝ ነፋስ ብቻ ነው። ሮማን፣ ያንን ራዲዮ ዝጊው። ዝጊው አልኩሽ፤ ሾፌሮቹ ዘፈን ካማራቸው ራሳቸው ይዝፈኑ። … ሄሎ፣ ማን ልበል?

— ፀጋዬ… አንተ ነህ? ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለኝ እኮ። ትሰማኛለህ? … እኔማ እሰማሃለሁ። ደህና ነኝ። ደህና ባልሆንስ ማን ሊጠይቀኝ ኖሯል።

— ቆይ፣ ቆይ። ሰላምታህን ኋላ ታደርሳለህ፣ መጀመሪያ ስድቤን ተቀበል። የእህቴ አደራ ነህ፣ በዚህ እጄ ነው ያሳደግኩህ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ «ሄድኩ» አይልም? ቁርስ ይዤ ብገባ አልጋው ባዶ። በጎህ በጭነት መኪና ተሳፈረ አሉኝ። አጋዘን ገድሎ እንደ በግ ሌባ የሚሸሽ ሰው አንተን ብቻ ነው ያየሁ።

— እንዴት አልገደልኩም ትላለህ? … ቀስ በል፣ አትንተባተብ። … እሺ፣ የዱር አውሬ መሥሪያ ቤቱ ሄድክ። የአደን ፈቃዱን ልትመልስ። … ያ የአውሬ ሹም ተቀበለህ። … እሺ። … ማን ገደለ ብሎ ጠየቀህ።

— ምን ብለህ መለስክለት?

— እስቲ ድገመው። ሰምቼሃለሁ፤ አንተው ራስህ እንድትሰማው ነው። … «የገደሉት ጋሼ ወንድሙ ናቸው» አልክ። የኔን ባል። ለመንግሥት ሰው። በገዛ አፍህ።

— አይ፣ አልተቆጣሁም። ወንበር እየሳብኩ ነው።

— ምንም አይደለም፣ ፀጋዬ ነው፤ ሰላም ይልዎታል። ሥራዎን ይሥሩ። … ጋሼህ ናቸው የጠየቁኝ። እዚሁ በረንዳው ላይ ቀንዱን ታቅፈው ተቀምጠዋል። … አዎ፣ ያንኑ ቀንድ። በአመድ ያሹታል፣ በጨርቅ ይጠርጉታል፣ መልሰው ደግሞ በአመድ ያሹታል። በክንዳቸው ይለኩታል። ጠምዛዛ ነውና ልኩ ይጠፋባቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ምንሽራቸው አጠገባቸው ተጋድሟል። የኔን እንጂ ያንተን አይሰሙም፤ ተናገር።

— ታዲያ ሹሙ ምን አለ? … እህ። … ፈቃዱ ያንተ፣ ጥይቱ የሳቸው። ያለ ፈቃድ አደኑ ማለት ነው። … እህ። … ነገ? ነገ እራሱ ሊመጣ? … ቀንዱን ሊወስድ። … ምንሽሩንም?

— መስመሩ አልተቋረጠም፤ ወደ በረንዳው እያየሁ ነው። አለሁ።

— ምንሽሩን ከአባታቸው ነው የወረሱት። እኔን ሳያውቁኝ በፊት እሱ ነበር በትከሻቸው፤ እኔ እንኳ በዚህ ቤት ሁለተኛ ሚስት ነኝ። አሁን ቁልፍ ሲቆልፉ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ ሲይዙ ይደፋባቸዋል። እሱን ሲይዙ ግን አይንቀጠቀጡም። ያንን ከትከሻቸው ካወረዱባቸው… በል ተወው። የሚሆነውን አንተም ታውቀዋለህ።

— አንተንስ ምን ሊያደርጉህ ነው? … ከአደን ፈቃድ ዕጣው ሊሰርዙህ። ለሁልጊዜ? … አይ ልጄ። ያንን ዕጣ ስትጠብቅ እኮ ነው ጢም ያወጣህ። በየዓመቱ ስምህን ታስገባለህ፣ በየዓመቱ የሌላ ሰው ስም ይወጣል። «ዘንድሮ ወጣልኝ» ብለህ የደወልክልኝ ቀን እልል ብዬ ለሾፌሮቹ ሁሉ ሻይ በነጻ ቀዳሁ። እኔ በነጻ ስቀዳ አይተህ ታውቃለህ? ሮማን ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

— አይ፣ ዕጣውንስ አልጠላውም። ሹሞቹንም አልረግማቸውም፣ አትሳሳት። እኔ ወደዚህ አገር በሙሽርነት ስመጣ አጋዘን ሮቢ ወንዝ ድረስ እየወረደ ከከብት ጋር ውሃ ይጠጣ ነበር። አሁን የትንባሆ እርሻው መጣ፣ መንገዱ መጣ፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መጣ። አውሬው ዳገት ላይ ወጣ። ለአንድ ሰው አንድ አጋዘን፣ እሱም ቀንዱ የዞረ አውራ ብቻ ማለታቸው ደግ ነው። ባይሉ ኖሮ አንተም የምትተኩስበት አይኖርም ነበር።

— ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ? … እውነቱን ለመናገር። … ለክብራቸው። … «ዕድሜ ልካቸውን አድነው አንድ አጋዘን ሳይጥሉ አረጁ፤ ይኸ እንኳ በስማቸው ይያዝ» ብለህ። … እንደዚያ ነው ያሰብከው። … አውቃለሁ፣ ክፋት የለብህም። ክፋት ቢኖርብህ ይቀለኝ ነበር። ደግ ሰውን መስደብ ነው የሚያደክም።

— በል አሁን እንደ ልጅነትህ፣ ስጠይቅህ መልስ። እዚያ ዳገት ላይ ማን ቀድሞ ተኮሰ? … አንተ። … አገኘኸው ወይስ ሳትከው? … የት ላይ? … የኋላ እግሩን፣ ጭኑ ላይ። … ደም ወጣው? … ወጣው። ድንጋዩ ላይ አያችሁት? … አያችሁት። አንተም፣ ጋሼም፣ ዱካ የሚያወጣላችሁ አብዱልሃዲም። ሦስታችሁም።

— አለቀ። ገዳዩ አንተ ነህ።

— አለቀ ማለት አለቀ ነው፣ ምን ትርጉም አለው? ከጣርማ በር እስከ አጣዬ ያለ አዳኝ ጠይቅ። ክርስቲያኑንም እስላሙንም ጠይቅ። ያደማው ነው ገዳዩ። ኋላ የደረሰው ዝናሩን ቢያራግፍበት ቀንዱም ስሙም መጀመሪያ ያደማው ነው። ይኸን ሳይነግሩህ ነው ጠመንጃ ያስያዙህ? … ጋሼህ እኔ የነገርኩህ መስሏቸው ነበር፤ እኔም እሳቸው የነገሩህ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማንም አይናገረውም።

— «የወደቀው በሳቸው ጥይት ነው»… ይውደቅ እንጂ። ባይተኩሱስ መውደቁ ይቀር ነበር? በማግስቱ ለጅብ ይወድቅ ነበር።

— ቆይ፣ አንድ ሾፌር ስልኩን ይፈልጋል። … ምንድነው? … ጎማህ ፈነዳ? እኔ ጎማ እነፋለሁ እንዴ? … ደብረ ሲና ትደውላለህ፣ እሺ፣ ሻይህን ጠጣና ጠብቅ። ትልቅ የቤት ጉዳይ ይዤ ነው እዚህ። … ሄሎ፣ ፀጋዬ፣ አለህ?

— ስማኝ። ይኸን ሕግ አባቶች ለጨዋታ ያወጡት እንዳይመስልህ። እኔ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም፣ ፊደልም አልቆጠርኩም። ግን ለአዳኝ ስንቅ ስቋጥር ነው ያረጀሁ፤ ስንቅ የሚቋጥር ሰው ቀኑን ሙሉ ያስባል። ያ አውሬ ጠዋት ሲነሳ ከሰው ጋር ጠብ አልነበረውም። ቅጠሉን በላ፣ ጥላው ላይ ቆመ። ጠቡን ያመጣው የመጀመሪያው ጥይት ነው። ከዚያ በኋላ የሚተኩስ ሰው አውሬውን አይደለም የሚተኩሰው፤ ሕመሙን ነው። እሱ መገላገል ይባላል። መግደሉን የጀመረው ነው የገደለ።

— አዎ… ለዚህ ነው ስሙን የሚወስደው። ስሙን ብቻ አይደለም፣ ደሙንም ነው የሚወስደው። አንዱን ትቶ አንዱን መውሰድ የለም። አንተ ለጋሼህ ክብር የሰጠህ መስሎህ ደምህን አሸከምካቸው። በሰባ ዓመታቸው።

— … ምን አልክ? … እሺ። አትቸኩል።

— አውሬው ዞሮ አየህ? … በሦስት እግሩ ቆሞ። … ጆሮውን ወዳንተ አድርጎ። … እና እንደገና ልትተኩስ ስትል እጅህ አልታዘዝ አለህ። … ይኸ ነው እንግዲህ። ይኸን ይዘህ ነው በጎህ የሸሸኸው። ለምን መጀመሪያውኑ አትለኝም ነበር?

— አታልቅስ ልልህ አልችልም፣ እዚያ ፖስታ ቤት ሰው ፊት ቆመህ ካስቻለህ አልቅስ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ፤ አንተ ወግተህም አልረሳህም። ደግ ነው። ያላፈረ ገዳይ አይቻለሁ፣ እዚሁ በረንዳዬ ላይ ሲያቅራራ። ጠላውን ቀድቼለት ፊቴን አዞርኩበት። አንተ ማፈርህ ገዳይ አለመሆንህ መስሎሃል። ባትሆንማ ምን ያሳፍርሃል? ጋሼህ ተኩሰዋል፣ አላፈሩም። ቁስለኛ ገላግለው እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ያፈርክ አንተ ነህ። የገደለው ማን እንደሆነ ሆድህ ያውቀዋል።

— ለመሆኑ ያን ጊዜ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? … አታስታውስም። አብዱልሃዲ ግን ሰምቶሃል፣ እዚህ ተቀምጦ ነው የነገረኝ። «ጋሼ፣ ይገላግሉት፣ በእናትዎ» አልክ። ትሰማኛለህ? ለመንካቸው። እስከዚያ ድረስ ምንሽሩ ከትከሻቸው አልወረደም ነበር። አንተ ስትላቸው ነው ያነሱት። … አይዋሽም። ለምን ይዋሻል? ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሲባዝን ውሎ ዱካ አወጣላችሁ፣ እኛ ቋንጣ ስናሰጣ እሱ ቴምሩን በልቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሥጋው የማይደርሰውን ምስክር ማን ይጠረጥረዋል።

— ጋሼህማ… ቆይ፣ ድምፄን ልቀንስ። … ጋሼህ ምን እንዳደረጉ ልንገርህ። አንተ በሄድክ ቀን የሰፈሩ ሰው የጠላ ጋን አሸክሞ መጣ። «ወንድሙ ዛሬ ገና ገደለ» ብለው ሊያቅራሩላቸው። ታውቃለህ፣ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ቁጥር ሲስቁባቸው ነው የኖሩ። እኔም ስቄባቸዋለሁ፣ አልደብቅህም፤ «አጋዘኑ ሰላም ብሎዎታል» እላቸው ነበር። ያን ቀን አንድ ቃል ቢናገሩ የዕድሜ ልክ ስም ነው። ዝም ቢሉ እንኳ ይበቃቸው ነበር። በሩ ላይ ቆሙና «ሳይገድሉ ጎፈሬ በእኔ ቤት የለም። የገደለው ልጁ ነው። ልጁ ሲመጣ ኑ» ብለው መለሷቸው። ጋኑን ይዘው ተመለሱ።

— አዎ፣ ጋሼ ወንድሙ። እኚሁ ጋሼ ወንድሙ።

— ከዚያ ወዲህ እንደተቀመጡ ናቸው። ምግቡንም እንደ ነገሩ ነው የሚነኩት። ትናንት «ምን ሆነዋል?» ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጁ ግዳዩን ንቆት ሄደ። ከተሜ ሆነ፣ የኛ ነገር አሳፈረው» አሉ።

— አላወቅክም። እሳቸውም አላወቁም። ሁለታችሁ ተከባብራችሁ እኔን ልትገድሉኝ ነው።

— ቅቤው? ለገዳይ ራስ የሚቀባው ቅቤማ አለ። ከደብረ ሲና ያስመጣሁት የደጋ ቅቤ። አንበሳ ወይ ጎሽ ቢሆን ገበያው ሁሉ ይወጣልህ ነበር፤ ለአጋዘን በቤት ሰው እጅ ራስ ላይ የምታርፍ ትንሽ ቅቤ ትበቃለች። እህቴ ብትኖር እሷ ነበረች የምትቀባህ። እኔ ነበርኩ ልቀባህ የተነሳሁት፣ አንተ ጭነት መኪና ላይ ወጣህ። የሮቢትን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ እንዳይቀልጥ የቅቤውን ቅል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ነው እስከ ዛሬ ያቆየሁት።

— በል አሁን ወደ ነገሩ። ሹሙ ካንተ ጋር ነው የሚወርደው? … በመሥሪያ ቤቱ መኪና። ይውረድ። ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ ኮቱን ያወልቃል፣ እዚህ ሲደርስ ከረባቱን፤ ያኔ ለንግግር ይመቻል። አንተ ግን ነገን አትጠብቅም። ቢሮው ሳይዘጋ ዛሬውኑ ተመልሰህ ትሄዳለህ። ምን ትለዋለህ? … አይ፣ «ተሳስቼ ነው» ብቻ አይበቃም። «እኔ አደማሁት፣ እኔ ገደልኩት። አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ በቃሌ ገላገሉት» ትላለህ። ማን ተኮሰ ቢልህ አትደብቅ፣ ሁለታችንም ተኩሰናል በል። ማን ገደለ ሲልህ ግን፣ እኔ።

— ዋሽ አልኩህ እኔ? … የመጀመሪያው ነው ውሸቱ። እውነት መስሎህ የተናገርከው።

— … አዎ፣ ላይቀበልህ ይችላል። ሕጋቸው ምን እንደሚል አላውቅም፣ የማላውቀውን አልምልልህም። ፈቃድ የሌለውን ሰው ለምን አስተኮስክ ብሎ ስምህን ይሰርዘው ይሆናል። … ይሰርዘው እንግዲህ። … ይሰርዘው አልኩህ። ያ አጋዘን መጀመሪያህም መጨረሻህም ይሆናል። ቀንዱንም ይወስዱት ይሆናል። እኔ ያንን ቀንድ እዚህ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ቦታውን ኖራ አስቀብቻለሁ፣ ባዶውን ይቀራል። ግን የራስህ ግዳይ ነው፣ የሚያስከፍልህን አንተ ክፈል። በሽማግሌ ምንሽር አትክፈል።

— አስብበት። ብቻ ቢሮው ሳይዘጋ አስብ።

— … ምን አልክ? … ለራሳቸው ልትነግራቸው? በስልክ? … እንጃ ልጄ። ስልኩን በእጃቸውም ነክተውት አያውቁም፣ ሰው በሽቦ ውስጥ አይናገርም ባይ ናቸው። … እሺ። ቆይ።

— ወንድሙ። … አንቱን ነው እንጂ ማንን ነው። ቀንዱን ያስቀምጡና ይምጡ። … ፀጋዬ የሚነግርዎ አለ። … መናገር አይጠበቅብዎትም፣ መስማት ነው። … አይነክስም። አንበሳ አድነው ይኸን ይፈራሉ? … አንበሳም አላደኑም፣ እሺ፣ ይቅርታ። በዚህ በኩል፣ ጆሮዎ ላይ። እኔ እይዝልዎታለሁ።

— ፀጋዬ፣ ጆሯቸው ላይ አድርጌዋለሁ፣ እኔም ተጠግቼ እሰማለሁ። በል። ማን ገደለ?

— አልተሰማም። … ከፍ አድርገህ። … ሰው ከኋላህ ተሰልፏል? ታዲያ ይስማ። ግዳይ በሹክሹክታ የተነገረው መቼ ነው? … ፖስታ ቤት ሆነ ገበያ፣ ምን ለውጥ አለው። የተሰለፈው ሁሉ አያት አለው፣ አያቱም አንድ ቀን ፎክሯል። … በል፣ ክንዴ ዛለ። ማን ገደለ?

— …

— እንደሱ። ስምህን ጨምርበት። … የማን ልጅ? … ማን ያሳደገህ? … የት አገር ላይ?

— …እንደሱ።

— ማነው ደግሞ ከኋላህ የጮኸው? … «ይበል» ያለው። … የማታውቀው ሽማግሌ ነው? … ሰልፍ ላይ የቆመ። … ራሱን ነቀነቀልህ? እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

— እኔ ነኝ አሁን፣ ስልኩን ከጆሯቸው አንስቻለሁ። … ምን አሉ ትላለህ? ምን እንዲሉ ፈለግክ? … ቆይ ልይልህ። … ተነሱ። ቀንዱን በረንዳው ላይ ትተውት ወደ ጓዳ ገቡ። ሮማን፣ ምን ሊያደርጉ ነው የገቡት? … እህ። … እህ።

— ማን ናት ይቺ ደግሞ? … ስልከኛዋ። አዎ ልጄ፣ ጨርሰናል፣ አንድ ቃል ብቻ ቀርታኛለች። … ፀጋዬ፣ ቢሮው እንዳይዘጋብህ፣ ሮጥ በል።

— ቅቤውን አታስብ፣ ይቆያል። ውሃውን እሳቸው እየለወጡለት ነው።